የአሥራ ሁለት ቀን ዝምታ

ጥቅምት 9

እትዬ፣

ለእማዬ፣ ለመምህሩ እጮኛሽ፣ ለጎረቤቶቻችንም፣ ስማቸውን ካልጠራሁ ለሚያኮርፉት ሁሉ ሰላም በይልኝ። አንቺን መጨረሻ ያደረግኩሽ ስለማታኮርፊ ነው።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳልጽፍልሽ ቆየሁ፤ ይቅርታ። ስልኩንማ ተስማምተን ነው የተውነው። «ሃሎ» ብለሽ ሳትጨርሺ እኔ አለቅሳለሁ፣ የእኔ ሳያልቅ አንቺ ትጀምሪያለሽ፣ ወሬው ሳይወራ ይቀራል። በወረቀት ሲሆን ቢያንስ ተራ በተራ ነው የምናለቅሰው።

ጥያቄዎችሽን ልመልስ። አዎ፣ እበላለሁ፤ እንደነገሩ። ክፍሌ አንድ መስኮት፣ አንድ አልጋ፣ አንድ እግሩ ያጠረ ጠረጴዛ አላት፤ ካርቶን አጥፌ ደግፌዋለሁ። አከራዬ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ባስነጠስኩ ቁጥር ከግድግዳው ወዲያ «ይማርሽ!» ይሉኛል። ካለቀስኩ ግን ዝም ይላሉ። ጨዋ ሴት ናቸው።

ሥራው ደግሞ ጫጩት ማስፈልፈል ነው። አትሳቂ። እንቁላሎቹ በትልቁ ማሽን አሥራ ስምንት ቀን ይሞቃሉ፣ ከዚያ ወደ መፈልፈያው ክፍል ይዛወራሉ፣ በሃያ አንደኛው ቀን ቅርፊቱን እየሰበሩ ይወጣሉ። እኔ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ እያንዳንዱን እንቁላል ከመብራት ላይ አስጠግቼ አያለሁ። ሕይወት ያለው ቀጫጭን ደም ሥር ይታይበታል። ባዶው ባዶ ነው። የገማው ይጠቁራል። ባዶውንና የገማውን ለቅሜ አወጣለሁ። ይህን ሙያ ከመታጨቴ በፊት ተምሬው ቢሆን ኖሮ ብዬ አንድ ቀን ብቻዬን ስስቅ፣ አለቃዬ በሩ ላይ ቆመው ነበር። «ከእንቁላል ጋር ነው የምትስቂው?» አሉኝ። ቴርሞሜትር ከአንገታቸው ስለማያወልቁ ሠራተኛው ሁሉ እማማ ቴርሞሜትር ይላቸዋል።

ስለ ቀያሹም ጠይቀሽኛል። አልጻፈልኝም፤ አልጻፍኩለትም። እማዬ «መንገድ ቀያሽ ነው ልጄን የሚያገባት» እያለች ስትኮራበት፣ ለራሱ መንገዱ ጠፍቶት አረፈው። እትዬ፣ መተዉ አይደለም የሚያንገበግበኝ። ሰው ሰውን ይተዋል። ግን ቬሎ ለብሼ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መስታወት ፊት ተቀምጬ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው እየጠበቀ፣ ወንድሙን ልኮ «አይመጣም» ከሚያስብል፣ ቀደም ብሎ ቢነግረኝ ምን ነበረበት? አንድ ቀን እንኳ ቀደም ብሎ!

ይልቅ እኔም ልጠይቅሽ። እማዬ ሠርግሽ ተላልፏል አለችኝ። ለምን?

ቁንጥንጥሽ

ጥቅምት 24

ቁንጥንጥዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? እኛ ደህና ነን። ይህን የምልሽ ደብዳቤ በዚህ ስለሚጀመር ብቻ አይደለም፤ እውነትም ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን እያመማትም በቀን ሦስቴ ደረጃውን ትወጣለች፤ ከላይኛው ፎቅ ጎረቤት ጋር የጀመረችው ነገር አላለቀላትም። አንቺን ለሚጠይቃት ሁሉ «ለትምህርት ሄዳለች» ትላለች። «የምን ትምህርት?» ሲሏት «የእንስሳት ሳይንስ»። እንግዲህ ስትመለሺ ዲግሪ ይዘሽ ና።

እኔ ያው መስኮት ቁጥር ሦስት ነኝ። ሰው ይወለዳል፣ ይጋባል፣ ይፋታል፣ ይሞታል፤ እኔ ቀኑን መዝግቤ ማኅተም እመታለሁ። ባለፈው ሰኞ አንድ አባት የልጁን ስም ሦስቴ አስለወጠኝ። ማክሰኞ ሚስቱ መጥታ ወደ መጀመሪያው መለሰችው። ዕቃ ቤት ሄጄ እስኪበቃኝ ሳቅሁና ስወጣ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ደበረኝ።

በአውቶቡስ ሾፌሩ ሹራብ ልኬልሻለሁ። እዚያ ይበርዳል ብሎኛል። ደብዳቤሽን የሚያመጣልኝም እሱ ስለሆነ ፈገግ በይለት፤ ወሬ ይወዳል፣ ግን ልቡ ደህና ነው።

የሠርጌ ነገር ጊዜው ስላልተመቸ ነው የተላለፈው። አንቺ እንዲህ ሆነሽ እኔ በምን ልቤ እሞሸራለሁ? መምህሩም ተረድቶኛል። የሂሳብ አስተማሪ ስለሆነ መልሱ እስኪወጣ መጠበቅ ያውቅበታል።

«ቀደም ብሎ ቢነግረኝ ምን ነበረበት» ያልሽውን አንብቤዋለሁ። ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ። ለምኑ ብለሽ ግን አትጠይቂኝ፤ ታላቅ እህት መቼም ያለ በደል አትኖርም።

እትዬ

ኅዳር 12

እትዬ፣

ሹራቡ ደርሶኛል። እጁ ረዝሞ እስከ ጣቴ ጫፍ ይደርሳል። ለሥራ ባይመችም ለማልቀስ ይመቻል፤ መሐረብ አያስፈልገኝም። ቀልዴን ነው። ደህና ነኝ። ማለቴ፣ በጣም ደህና አይደለሁም፣ ግን ደህና ነኝ።

«ምን አዲስ ነገር አለ» ላልሽኝ፣ አንድ ሰው በገማ እንቁላል መትቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጨለማው ክፍል ውስጥ አቀርቅሬ ስሠራ በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተና አንድ ረጅም ነገር ገባ። ጮህኩ። እጄ ላይ የነበረውን ወረወርኩ። እጄ ላይ የነበረው ደግሞ ልጥለው ያወጣሁት ነበር። የገማ እንቁላል ሲፈነዳ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ድምፁ ምንም አይደል፤ ጉዱ ሽታው ነው። መብራት ሳበራ ሰውየው እንቁላሉ ከግንባሩ እየተንጠባጠበ፣ የኤሌክትሪክ መፈተሻውን እንደያዘ ቆሟል።

«መብራት ተበላሽቷል ተብዬ ነው የመጣሁት» አለ።

«አልተበላሸም፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት! ጨለማ ክፍል እኮ ነው!»

«አሁን ገባኝ» አለና በእጁ ጠርጎ አሸተተው። «ደግነቱ ገምቷል። ደህና እንቁላል ቢሆን ኖሮ ጫጩቱ ያሳዝነኝ ነበር።»

የጄኔሬተር ጠጋኙ ነው። ኪሱ ሁልጊዜ ሽቦ ስለማይጠፋው፣ ራሱም እንደ ሽቦ ቀጭን ስለሆነ ሁሉም ሽቦ ይለዋል። ያን ቀን ሙሉ ማንም አጠገቡ አልቆመም፤ እኔ ብቻ በደሌ ስለሆነ አብሬው ምሳ በላሁ። ደጅ ወጥተን፣ ነፋሱ ከእኔ ወደ እሱ በሚሄድበት በኩል ተቀመጥኩ።

ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ። ሽማግሌ ሰው ነው። ጡረታ ሊወጣ ምንም አልቀረውም።

ቁንጥንጥ

ታኅሣሥ 2

ቁንጥንጥ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እዚህ ሁላችንም ደህና ነን፤ ሽማግሌሽስ እንዴት ነው?

ሾፌሩ ትናንት መጥቶ ነበር። እማዬ ወጥ ቤት ስለነበረች ደስ ይበልሽ። «እህትሽ ወፍራለች» አለኝ። «አውቶቡስ ማደሪያው ድረስ መጥታ ዕቃዋን ስትቀበለኝ አንድ ሰውዬ አብሯት ነበር። ሲያወራት ከሳቋ ብዛት ዕቃው ከእጇ ወደቀ።»

«ሽማግሌ ነው አይደል?» አልኩት።

«ማን?»

«ሰውየው።»

«ሽማግሌስ ቢሆን መች ጠላሁ! ከእኔ አምስት ዓመት ያንሳል፤ ፀጉሩ ደግሞ እዚህ ድረስ!» ብሎ ራሰ በራውን ዳሰሰ። ሾፌራችን ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እኔ መዝጋቢ ነኝ፤ መቀነስ አያቅተኝም።

አልተቆጣሁሽም። ግን ለምን ዋሸሽኝ? በእኔ ፊት መሳቅ አፈርሽ?

እኔም ያልነገርኩሽ አለ። መምህሩ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሯል። የካቲት ሃያ አዲሱ ትምህርት ቤት መገኘት አለበት። «አብረን እንሂድ ወይስ ብቻዬን ልሂድ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ሁለት ሳምንት ሆነው፣ አልመለስኩለትም። በየቀኑ ከሥራ ስወጣ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ጥያቄውን አይደግመውም። ቢደግመው እኮ መቆጣት እችል ነበር።

እትዬ

ታኅሣሥ 15

እትዬ፣

እሺ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ጡረታውም ገና ነው።

ለምን እንደዋሸሁሽ ጠይቀሻል። እውነቱን ልንገርሽ። ከመጣሁ በሁለተኛው ወር አንድ ጠዋት ስነሳ ደረቴ ላይ የነበረው ድንጋይ የለም። ፈለግኩት እኮ! አልጋው ላይ ተቀምጬ ቀያሹን አሰብኩ፣ ቬሎውን አሰብኩ፣ አላለቀስኩም፤ ራበኝ እንጂ። በጣም አፈርኩ። ዓመት እንኳ ሳይሞላኝ! እማዬ ስለ እኔ ሰው ፊት ትዋሻለች፣ አንቺ ሠርግሽን አቁመሻል፣ እኔ እዚህ ሁለት ሳህን እበላለሁ። ደብዳቤ ስጽፍልሽ መጀመሪያ ፊቴን አኮሳትራለሁ፣ እንደምታይኝ ሁሉ።

ሽቦ ቀልደኛ ነው እንዳይመስልሽ። የሚናገረውን በቁም ነገር ነው የሚናገረው፤ የሚያስቀኝም ይኸው ነው። ስለ ሠርጌ ነገርኩት። ሁሉም ሰው ሲሰማ «አይዞሽ» ይላል አይደል? እሱ ግን «ለመሆኑ ምሳ በልተሽ ነበር? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስትጠብቂ?» አለኝ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። አልበላሁም ነበር። ያን ጊዜ ነው የወደድኩት መሰለኝ። ይኸው ጻፍኩት።

አሁን ስሚኝ። በእኔ ኀዘን ሠርግሽን ያቆምሽ እንደሆነ ኀዘኑ አልቋል። መምህሩ ብቻውን ከሄደ በደሉ በእኔ አንገት ላይ ነው የሚንጠለጠለው። እባክሽ አግቢው። ቬሎሽን ከኋላ ተሸክሜ እከተልሻለሁ።

ወይስ ሌላ ምክንያት አለሽ?

ቁንጥንጥ

ታኅሣሥ 28

እህቴ፣

«ሌላ ምክንያት አለሽ?» ብለሻል። አለኝ።

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ሰላምታውን ልዝለለውና ልናገር።

ሠርግሽ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው ቀያሹ መስኮት ቁጥር ሦስት መጣ። የመጣው የጋብቻ ማመልከቻውን ሊያስመልስ ነበር። ተሰልፎ ነው የመጣው፤ ከፊቱ አንዲት አራስ፣ ከኋላው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ፊቴን ሲያይ ደነገጠ፤ የዓመት ፈቃድ ላይ ያለሁ መስሎት ነበር። «አልችልም» አለኝ። «ሌላ ሰው የለኝም። ብቻ አልችልም። ዛሬ ከሥራ ስትወጣ እነግራታለሁ።»

እህቴ፣ ሊነግርሽ ነበር። እኔ ነኝ የከለከልኩት።

«እንዳትነግራት! ሠርግ ሲቀርብ የማይፈራ ሰው የለም፤ ሦስት ቀን አስብበት» አልኩት። ማመልከቻውን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጣ። እማዬን አነሳሁበት፤ ልቧን እንደምትታመም ዋሸሁት። የሚያማት ጉልበቷ እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ። እሱ ለራሱ ፈሪ ነው፤ «አትንገራት» ሲባል ሸክም የወረደለት ያህል ቀለለው። ከዚያ በኋላ እየደጋገመ ሲደውልልኝ «ትመጣለህ፣ አውቃለሁ፣ ትመጣለህ» እለው ነበር። እውነት የሚመጣ መስሎኝ ነበር። የሠርግሽ ዕለት ጠዋት ፀጉርሽ ላይ ፒን ስሰካልሽ እጄ ሲንቀጠቀጥ በመስታወቱ አይተሽ «እዩዋት፣ ከእኔ ብሳ ሙሽራ ሆናለች!» ብለሽ ሳቅሽብኝ። ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። አፌን ከፈትኩ። ከዚያ «ትንሽ ቀና በይ» አልኩሽ።

አሥራ ሁለቱንም ቀን ነገ እነግራታለሁ እል ነበር።

«አንድ ቀን እንኳ ቀደም ብሎ» ያልሽው ሰው እኔ ነኝ። ሠርጌን ያቆምኩት ለአንቺ ኀዘን ብዬ አይደለም። ያን አዳራሽ ሳስበው፣ እዚያ መሐል ሙሽራ ሆኜ የምቆምበት ፊት አጣሁ።

እትዬ

ጥር 6

ደብዳቤሽ ደርሶኛል።

ለእማዬ ሰላም በይልኝ። አንቺ አትጻፊልኝ።

ጥር 25

አትጻፊልኝ ስላልሽ ይህ ደብዳቤ አይደለም። ሹራብሽ ረዝሟል ስላልሽ ያሳጠርኩልሽን ሌላ ስልክ በመጠቅለያው ላይ ቃል ማስፈሬ ነው እንጂ።

እማዬ ደህና ናት። ለእሷም ነገርኳት። ሁለት ቀን አላነጋገረችኝም፤ በሦስተኛው ቀን «ልቧን ያማታል ያልሽው እኔን ነው?» ብላ ጮኸችብኝ። ከሁሉም ያናደዳት ይሄ ነው። የላይኛው ፎቅ ጎረቤት እንዳትሰማ ፈርታለች።

ለመምህሩም ነገርኩት። ተነሥቶ ብርጭቆዎቹን አጠበ። ንጹሕ ነበሩ። ከዚያ «ለእኔስ የማትነግሪኝ ምን አለ?» አለኝ። ብቻህን ሂድ አልኩት። መልሱ ይህ ከሆነ ለምን አለቀስሽ አለኝ። አሁንም በሩ ላይ ይጠብቀኛል። የቀረው ሃያ አምስት ቀን ነው።

ይቅር በይኝ አልልሽም። ይበርዳል፤ ልበሺው።

የካቲት 11

እትዬ፣

ሹራቡ ልክ ሆኖልኛል። ያን ጊዜ ያልለበስኩት በንዴት ነበር፤ ዛሬ ለብሼዋለሁ። ምን ሆኜ እንደሆነ ልንገርሽ፤ ሾፌሩ ከሚቀድመኝ።

ከአሥር ቀን በፊት ቀትር ላይ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ ወዲያው ተነሣ። እንዲህ ሲሆን የመፈልፈያውን ክፍል ማራገቢያ በእጅ ማስነሣት የእኔ ድርሻ ነው፤ አንድ ቁልፍ መጫን ነው። እኔ ውጪ ከሽቦ ጋር ነበርኩ። ስለ አከራዬ ማስነጠስ እየነገርኩት፣ ራሴው እየሳቅኩ። «ማራገቢያውን አስነሥተሻል?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። አሁን ሄጄ አስነሣዋለሁ ብዬ ነው አዎ ያልኩት። ከዚያ ረሳሁት።

ሃያ አንደኛው ቀን ነበር። በሩን ስንከፍት ሦስት መቶ የሚሆኑ ጫጩቶች ታፍነው ሞተዋል። ምንቃራቸው ቅርፊቱን ቀዶ ወጥቶ፣ ገና አየር ሊስቡ ሲሉ። ሌላ ጊዜ ያ ክፍል ከጫጫታው የተነሣ ሰው አያነጋግርም። ያን ቀን የሚሰማ ነገር አልነበረም።

እማማ ቴርሞሜትር ጄኔሬተሩ አቅም ያነሰው መሰላቸው። ሽቦን ጠሩትና ሠራተኛ ፊት ሰደቡት፤ ከሥራም አገዱት። እሱ አየኝ። አንዴ ብቻ። ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ።

እትዬ፣ ዝም አልኩ! ዕለቱን «ሲበርድላቸው እነግራቸዋለሁ» አልኩ። በማግሥቱ እንግዳ ነበረባቸው። በሦስተኛው ቀን ራሳቸውን ያማቸው መሰለኝ። ክፉ ሰው ሆኜ እኮ አይደለም! ነገ ልናገር ወስኜ ነበር፤ ነገው ሲመጣ ግን ያው ዛሬ ይሆናል። ሦስተኛው ቀን ላይ ጨለማው ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አንቺ ትዝ አልሽኝ፤ ፒኑን ይዘሽ፣ አፍሽን ከፍተሽ፣ «ትንሽ ቀና በይ» ስትዪኝ። እንዴት አድርገሽ አሥራ ሁለት ቀን ቻልሽው? ለእኔ ሦስቱ ሊገድለኝ ነበር።

ተነሥቼ ቢሯቸው ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። «ጫጩቶቹን ረስተሽ ነው የገደልሽው፤ እሱ ያጋጥማል» አሉኝ። «ሰውየውን ግን ሦስት ቀን ሙሉ እያወቅሽ ነው።» እስከ ሚያዝያ ድረስ የእንቁላል ትሪ አጣቢ ሆኛለሁ። ይገባኛል። ሽቦን ሠራተኛ ፊት ይቅርታ ጠየቁት። አለቃ እንዲህ ሲያደርግ አይቼ አላውቅም።

እኔም ቤቱ ሄድኩ። ደጃፉ ላይ የሰው ራዲዮ ፈታትቶ ተቀምጧል።

«እኔ ነኝ የረሳሁት» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ጠበቅኩ። የመጀመሪያውን ቀን ደስ ብሎኝ ነው የጠበቅኩት። ሁለተኛውን እንዲሁ ጠበቅኩ። በሦስተኛው ግን ከፋኝ።»

«አሁንስ?»

«አሁንም ከፍቶኛል። ነገ ደግሞ እናያለን።»

ሳምንት ሙሉ ስለ ጄኔሬተር ካልሆነ አላናገረኝም። ዘይት ስንት ሊትር እንደሚጠጣ ሁሉ አውቄያለሁ። ትናንት ምሳውን ይዞ ትሪ ማጠቢያው ጋ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። እጄ በሳሙና ተልጦ ሲያይ የራሱን የሥራ ጓንት አወለቀልኝ። በጣም ትልቅ ነው።

አንቺን ይቅር ማለቴን አላውቅም። ሙሉ በሙሉ አልመሰለኝም። አንዳንድ ጠዋት ስነሣ አሁንም ያናድደኛል። ግን ተቆጥቼሽ መራቅ ሰልችቶኛል፤ ተቆጥቼሽ አጠገብሽ ልሁን። ቅዳሜ እመጣለሁ። ፈቃድ ጠይቄያለሁ። እስከዚያ ለመምህሩ «አብረን እንሄዳለን» ብለሽ ካልመለስሽለት እኔው እነግርልሻለሁ። አዳራሽ ከከበደሽ አዳራሽ ይቅር። መስኮት ቁጥር ሦስት ይበቃል፤ አንዷ ምስክር እኔ ነኝ።

ቁንጥንጥሽ

መጋቢት 14

ቁንጥንጥዬ፣

ከአዲሱ ቤታችን እጽፍልሻለሁ። ሁለት ክፍል ናት፤ የአንዱ ክፍል በር አይዘጋም፣ የሌላው አይከፈትም። መምህሩ ለአዲሶቹ ተማሪዎቹ ፈተና ያርማል፤ ከአፉ እርሳስ አይጠፋም። ሰላም ይልሻል።

«ስትፈርሚ ምን ተሰማሽ» ብለሽ ጠይቀሽኛል። የሥራ ባልደረባዬ ስሜን ስትጠይቀኝ፣ የስንት ሺህ ሰው ስም የመዘገብኩት እኔ፣ የራሴ ጠፋኝ። ያን ሁሉ ዓመት ከመስኮቱ ወዲህ ቆሜ አላውቅም ለካ። አንቺ ደግሞ ከፈረምሽ በኋላ ብዕሩን አልመልስም ብለሽ ይዘሽ ቆምሽ። ያን ጊዜ ምን ልትዪኝ ነበር? ዓይንሽ ተቆጥቶ ነበር፤ እጅሽ ግን እጄን አልለቀቀም። ሁለቱንም ተቀብያለሁ። እስኪበርድልሽ ተቆጪ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ያን ዕለት እማዬ ቤት ባዘጋጀችው ምሳ ላይ፣ አብሮሽ የመጣው ሽቦ የተበላሸውን የድምፅ ማጉያ ጠግኖ ሲጨርስ ወደ ጓሮ ጠራኝ። ላቡ ይንጠባጠብ ነበር።

«እትዬ» አለኝ፤ እትዬ አለኝ እኮ! «እህትሽን ላገባት እፈልጋለሁ። ከመጋቢት ሃያ አምስት በኋላ ባለው ሐሙስ ልጠይቃት ወስኛለሁ። ምን ይመስልሻል?»

«ለምን ሐሙስ?»

«ሐሙስ ጄኔሬተር አይፈተሽም።»

ደህና ሐሳብ ነው አልኩት። ከዚያ «እባክሽ ግን እንዳትነግሪያት» አለኝ።

ቁንጥንጥዬ፣ ፊቱን አይቼ አዘንኩለት። ግን እንዲህ አልኩት፦ «ወንድሜ፣ ይቅርታህን። ስለ እሷ የሆነ ነገር እኔ ጋ አያድርም። እነግራታለሁ።» ደነገጠ። ከዚያ «እሺ፣ የገረማት ትምሰልልኝ ብቻ» አለ።

ይኸው ነገርኩሽ። ሌላም ያየሁትን ሁሉ ልጨምር፦ ግራና ቀኝ ካልሲው አይመሳሰልም፤ ሲያላምጥ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፤ እማዬ ስለ ጎረቤቷ ያወራችውን ሁሉ አምኗታል። ከዚህ ሌላ ነውር አላገኘሁበትም። ያገኘሁ ዕለት በዚያው ዕለት እጽፋለሁ።

የምትመልሺው የራስሽ ነው። እኔ እሺ በይ፣ እምቢ በይ አልልሽም፤ በሰው ጋብቻ ውስጥ እጄን የማስገባበት ዘመን አልፏል። ብቻ ያወቅሽውን ባወቅሽ ሰዓት ንገሪው።

ከዚህ የሚነሣው አውቶቡስ በሳምንት ሁለቴ ብቻ ነው። ከሐሙሱ በፊት እንዲደርስሽ አዲሱን ሾፌር ለምኜዋለሁ።

እትዬ

መጋቢት 30

እትዬ፣

አዲሱ ሾፌርሽ እንደ አሮጌው ወሬኛ አይደለም፤ እንደ አሮጌው ፈጣንም አይደለም። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዛሬ ነው።

ሽቦ ደግሞ ሐሙስን መጠበቅ አልቻለም። ባለፈው ሰኞ፣ ትሪ እያጠብኩ፣ እስከ ክርኔ አረፋ ውስጥ ሆኜ፣ ቱቦውን የሚጠግን መስሎ መጣና ጠየቀኝ። እውነትም ገረመኝ። ማስመሰል አላስፈለገኝም፤ ትሪው ከእጄ ወድቆ ጣቱን መታው።

እሺ ማለት ፈልጌ ነበር፤ ግን አፈርኩ። አንዴ ሙሽራ ተብዬ ሰው ሁሉ ያየኝ እኔ፣ በስድስት ወር ደግሞ ሌላ? «ቆይ፣ እትዬን ልጠይቅ» አልኩት። ሰበብ ነበር፤ እኔ መቼ ነው አንቺን ጠይቄ የማውቀው? «እሺ» አለ። ጣቱን እያሸ ሄደ። በማግሥቱ ጣቱን በሽቦ ጠምጥሞ መጣ። አልጠየቀኝም፤ እኔም አልመለስኩለትም። ቀኑ ተቆጥሮ አምስት ሞላ።

ዛሬ ደብዳቤሽን ማጠቢያው ጋ ቆሜ አነበብኩት። «ባወቅሽ ሰዓት» የምትለው ላይ ስደርስ ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ ሮጥኩ። ጓንቱን እንኳ አላወለቅኩም። ጄኔሬተሩ እየጮኸ ስለነበር ሦስት ጊዜ «እሺ!» ብዬ ጮህኩ። በሦስተኛው ሰማኝ፤ እማማ ቴርሞሜትርም ሰሙ፣ ግቢው በሙሉ ሰማ። ሽቦ ሞተሩን አጠፋውና «ምን አልሽ?» አለኝ። መስማቱን አይቻለሁ፤ ሊያስደግመኝ ነው። ደገምኩለት።

አምስት ቀን ስላስጠበቅኩት ይቅርታ ጠየቅኩት። «ከሦስቱ ይሻላል» አለኝ፤ «የአሁኑን ቢያንስ ምሳ እየበላሁ ነው የጠበቅኩት።»

ለእማዬ ገና አልነገርኳትም። ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ እደውልላታለሁ። አንቺ ጋም እደውላለሁ፤ እናልቅስ፣ ምን ይመጣል።

ቁንጥንጥሽ